የመሪ ብልሽት መንስኤው ሳይለይ የሚሠራ የጎማ አላይመንት ለተደጋጋሚ ወጪና ለአደጋ ይዳርጋል

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለመስክ ሥራ የሚያሰማሯቸው ደብል ጋቢና ፒክአፖችና ላንድ ክሩዘሮች ከአስፋልት ወደ ጠጠር መንገድ፣ ከጠጠር መንገድም ወደ ኮረኮንችና ወደ ወንዝ መሻገሪያ ይመላለሳሉ። በእነዚህ ጉዞዎች ከፍተኛ ጫና ከሚያርፍባቸው የተሽከርካሪው አካላት መካከል መሪውና በተለምዶ "የመኪና እግር" በመባል የሚታወቀው የጎማ ተሸካሚ ክፍል ይገኙበታል። የእነዚህ ክፍሎች ብልሽት በአብዛኛው በአንድ ቀን የሚከሰት ሳይሆን ጥቂት በጥቂት የሚባባስ በመሆኑ፣ አሽከርካሪው ሳያውቀው ይለምደዋል፤ የስምሪት ክፍሉም አደጋ እስኪደርስ ድረስ ላያስተውለው ይችላል።

አሽከርካሪው ችግሩን ተገንዝቦ በጥገና መጠየቂያ ቅጽ ላይ "መሪው ይጎትታል" ወይም "መሪው ይንቀጠቀጣል" ብሎ ሲያመለክት፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ "አላይመንት ይሠራለት" ወይም "ጎማ ይቀየርለት" የሚል ነው። ተሽከርካሪው አላይመንት ተሠርቶለት ወደ ሥራ ከተመለሰ በኋላ ችግሩ በሳምንታት ውስጥ ሲያገረሽ ይታያል። ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። አላይመንት የጎማን አቋም የሚያስተካክል ሥራ እንጂ ያለቀ ዕቃን የሚጠግን ሥራ አይደለም። ላልቶ በሚወዛወዝ ዕቃ ላይ የተለካ አቋም ተሽከርካሪው ከመለኪያ መሣሪያው ወርዶ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲያልፍ ይለወጣል።

በመሆኑም የመሪ ችግር በሚያጋጥምበት ጊዜ ሊከበር የሚገባው ቅደም ተከተል አለ። በመጀመሪያ የጎማው ንፋስና የጎማው ይዞታ ይታያል፤ ቀጥሎ ላልተው ወይም አልቀው የተገኙ ዕቃዎች ተለይተው ይቀየራሉ፤ ከዚያም የተጣመመ ወይም ከቦታው የተንሸራተተ ክፍል መኖር አለመኖሩ ይረጋገጣል፤ አላይመንት የሚሠራው በመጨረሻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ችግር ሁለትና ሦስት ጊዜ ከመክፈሉም በላይ በተሽከርካሪው ውስጥ የሚጓዙ ባልደረቦች ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል።

ጉዳዩን በሚገባ ለመረዳት መሪው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር እንቅስቃሴው በመሪው ዘንግ አማካኝነት ጥርሶች ወደሚገኙበት ሳጥን ይደርሳል፤ ከዚያም በዘንጎችና በተለምዶ "ቴስቲና" በሚባሉት የዘንግ ጫፎች በኩል ወደ ፊት ጎማዎች ይተላለፋል። ይሁንና ይህ አሠራር በሁሉም ተሽከርካሪዎች አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በቀረበው ሰባተኛው ትውልድና ከእርሱ በኋላ በመጣው የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ላይ የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ሲሆን፣ መሪው የሚሠራው በጥርሳም ዘንግ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ የቀረበው የላንድ ክሩዘር 70 ተከታታይ ሞዴል ባለ አራት ጎማ ነጂ ተሽከርካሪ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል ያለው ሲሆን፣ የሚታዘዘውም በመሪ ሳጥን ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት በአንደኛው ላይ የተለመደው ብልሽት በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል፤ በአንደኛው ላይ የሚስተካከለው አቋምም በሌላው ላይ የማይስተካከል ሊሆን ይችላል።

በአላይመንት ሥራ ዋና ዋናዎቹ የጎማ አቋሞች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው "ቶ" የሚባለው ሲሆን፣ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ታች ሲታዩ በፊት በኩል የተቀራረቡ ወይም የተራራቁ መሆናቸውን ያመለክታል። ሁለተኛው "ካምበር" ሲሆን፣ ጎማው ከፊት ለፊት ሲታይ አናቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉን ይገልጻል። ሦስተኛው "ካስተር" በመባል ይታወቃል። ይህም ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ ነው። መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ መሐል የሚመለሰውና ተሽከርካሪው ቀጥ ብሎ የሚሄደው በአመዛኙ በካስተር ምክንያት ነው።

ከሦስቱ መካከል ጎማን በፍጥነት የሚጨርሰው የቶ መዛባት ነው። አንድ ጎማ ከጉዞው አቅጣጫ 0 ነጥብ 3 ዲግሪ ብቻ ዞሮ ቢገኝ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ርቀት በጎኑ እየተፋተገ ይሄዳል። ተሽከርካሪው 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲጓዝም ጎማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ተጎተተ ማለት ነው። ይህ መዛባት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ ሲለካ በአንድ ጎማ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ በዓይን አይለይም። አንድ ያለቀ ቴስቲና ደግሞ ከዚህ የበለጠ ክፍተት ሊፈጥር ይችላል። አላይመንት ከመሠራቱ በፊት የላሉ ዕቃዎች መለየት አለባቸው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ተሽከርካሪ ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው ይልቅ ጠበብ ያለ ክብ ስለሚሠራ ይበልጥ መዞር ይኖርበታል። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1818 በለንደን ለፈረስ ጋሪ የባለቤትነት መብት ባስመዘገበው በሩዶልፍ አከርማን ስም ይጠራል። በቀጥታ መንገድ ችግር የማይታይበት፣ የቶ ልኩም ትክክል የሆነ ተሽከርካሪ በዝግታ ሲታጠፍ ጎማው የሚጮህ ከሆነ ጎማውን የሚያዞረው ክንድ በግጭት ተጣምሞ ሊሆን ስለሚችል ይህ ክፍል መታየት አለበት።

የምርመራው መነሻ አሽከርካሪው የሚሰጠው ቃል ነው። በመሆኑም "መሪው ችግር አለበት" የሚል አንድ መስመር በቂ አይደለም። ችግሩ በስንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደሚታይ፣ በሁሉም መንገድ ላይ ወይስ በኮረኮንች ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ፍሬን ሲያዝ እንደሚብስ፣ ጭነት ሲኖር እንደሚለወጥ፣ ከመጀመሩ በፊት ግጭት፣ ከባድ ጉድጓድ ወይም የጎማ ቅያሪ እንደነበረ በቅጹ ላይ መስፈር ይኖርበታል። የስምሪት ኃላፊዎች እነዚህን ጥያቄዎች በቅጹ ላይ ቢያካትቱ ባለሙያው በግምት የሚያጠፋውን ጊዜ ይቀንሳሉ።

ምልክቶቹ ሲተነተኑ እያንዳንዳቸው ወደ ተለያየ መንስኤ ያመለክታሉ። ተሽከርካሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ በቅድሚያ የአራቱም ጎማዎች ንፋስ ሊለካ ይገባል። በቀኝ መስመር በሚነዳበት በአገራችን የመንገዱ ጠርዝ ለውኃ መውረጃ ሲባል ዝቅ ስለሚል መጠነኛ ወደ ቀኝ ማዘንበል በራሱ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ንፋሱ ትክክል ከሆነ የፊት ጎማዎቹ፣ የመዞሪያ አቅጣጫ ያልተወሰነላቸው እስከሆኑ ድረስ፣ ቀኙ በግራ ግራውም በቀኝ ተቀያይረው ይሞከራሉ። ጉተታው ወደ ሌላው ጎን ከዞረ መንስኤው ጎማው ራሱ ነው። ጉተታው ካልተለወጠ የካምበርና የካስተር ልዩነት እንዲሁም ሳይለቅ የቀረ ፍሬን መፈተሽ አለባቸው። ከጉዞ በኋላ አንደኛው ቸርኬ ከሌላው ይልቅ እጅግ የሚሞቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፍሬኑ ያዘነብላል።

መንቀጥቀጡ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ጀምሮ የሚሰማና ፍጥነት ሲለወጥ የሚቀንስ ከሆነ የጎማ ባላንስ መዛባት፣ የቸርኬ መጣመም ወይም በቸርኬው ውስጥ የተጋገረ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ይህ ችግር በአላይመንት አይፈታም። መንቀጥቀጡ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ የፍሬን ዲስኩ መታየት አለበት።

በላንድ ክሩዘር 70 እና አንድ ወጥ የፊት አክስል ባላቸው መሰል ተሽከርካሪዎች ላይ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ምልክት፣ ጎማው አንድ ጉድጓድ እንደመታ መሪው በኃይል ወዲያና ወዲህ መንዘፍዘፍ መጀመሩ ነው። ይህ ሁኔታ በዝግታ ካልሆነ በስተቀር በራሱ ላይቆም ይችላል። በዚህ ጊዜ አሽከርካሪው መሪውን አጥብቆ ይዞ ነዳጅ መስጠቱን በማቆም ፍጥነቱን ቀስ በቀስ መቀነስ ይጠበቅበታል። መንስኤው በጎማ መዞሪያው ላይና ታች የሚገኙት ኩሽኔታዎች መላላት፣ የቴስቲናዎች ማለቅ፣ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ዘንግ ጎሚኒ መበላት ወይም የባላንስ መዛባት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ የመሪ አሞርዛተር ብቻ ሲቀየር ንዝረቱ ለጊዜው ይጠፋል። ይሁንና አዲሱ አሞርዛተር የሚያደርገው ችግሩን መሸፈን በመሆኑ የላላው ዕቃ ውስጥ ውስጡን ማለቁን ይቀጥላል።

መሪው ሲዞር ጎማው ወዲያው የማይታዘዝ ከሆነ ነጻ እንቅስቃሴው ይለካል። በበርካታ የቶዮታ ሞዴሎች መመሪያ በመሪው ጠርዝ ላይ የሚለካው ነጻ እንቅስቃሴ ከ30 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል። መሪው የሚከብድ ከሆነ በቅድሚያ የፊት ጎማዎች ንፋስ፣ የመሪ ዘይት መጠንና ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ ይታያሉ። መሪው ቀሎ ሳለ ከመታጠፊያ በኋላ ወደ መሐል አልመለስ የሚል ከሆነ ደግሞ የካስተር መቀነስ ወይም የአንድ መጋጠሚያ መድረቅ ሊሆን ይችላል። ተሽከርካሪውን ከፍ ለማድረግ ሞላው ተቀይሮ ከሆነም የካስተር ልኩ ስለሚቀንስ ይህ ለባለሙያው መነገር አለበት።

የጎማው ገጽ ሌላው ማስረጃ ነው። ሁለቱም ጠርዞቹ ያለቁ ጎማ ለረጅም ጊዜ በአነስተኛ ንፋስ እንደተነዳ፣ መሐሉ ያለቀ ጎማ ደግሞ ንፋሱ እንደበዛ ያሳያል። በአንድ ጠርዝ ብቻ ለስልሶ ማለቅ የካምበርን መዛባት ያመለክታል። እጅ ከውስጥ ወደ ውጭና ከውጭ ወደ ውስጥ ሲዳበስ በአንደኛው አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚሻክር ከሆነ የቶ መዛባት መኖሩን ይጠቁማል። እዚህም እዚያም የጎደጎደ አበላል የአሞርዛተር መድከምን ወይም የባላንስ ጉድለትን ያሳያል። ስለሆነም ያለቀ ጎማ ከመወገዱ በፊት በየትኛው ጎንና በምን ሁኔታ እንዳለቀ መመዝገብ ይገባዋል። አዲስ ጎማ ሲጠየቅ አሮጌው ጎማ አብሮ እንዲታይ ማድረግም ለንብረት ቁጥጥር ብቻ ሳይሆን ለምርመራም ይረዳል።

በጋራዥ የሚካሄደው ፍተሻ ውስብስብ መሣሪያ አይፈልግም። ተሽከርካሪው መሬት ላይ እንደቆመና የመሪው ኃይል ማገዣ እንዲሠራ ሞተሩ በርቶ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያመላልስ፣ ሌላው ሰው ከጎን ሆኖ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይመለከታል። አንደኛው ዘንግ ተንቀሳቅሶ ቀጥሎ ያለው ዘግይቶ የሚከተለው ከሆነ ክፍተቱ በሁለቱ መካከል ነው። በዚህ ጊዜ የእጅ ፍሬን መያዙና ጎማዎቹ መታገዳቸው ሊረጋገጥ ይገባል።

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ተሽከርካሪው በክሪክ ተነሥቶና በጠንካራ ማቆሚያ ተደግፎ የፊት ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይወዛወዛል። እንቅስቃሴ ካለ ረዳቱ የፍሬን ፔዳሉን እንዲረግጥ ይደረጋል። ፍሬኑ ሲያዝ እንቅስቃሴው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ደግሞ የጎማ መዞሪያው መጋጠሚያ ወይም ኩሽኔታ ነው። ጎማው ከቀኝና ከግራ ተይዞ ሲወዛወዝ ብቻ የሚታይ ክፍተት በአመዛኙ ከቴስቲና ወይም ከመሪ ዘንግ የሚመጣ ነው። ይህ ሁሉ ፍተሻ ልምድ ላለው መካኒክ ብዙ ጊዜ የማይወስድ ሲሆን፣ ውጤቱ በጽሑፍ ሊቀርብ ይገባል።

ቅደም ተከተሉ የሚሰጠውን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ፒክአፕ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሲሄድ መሪው ወደ አንድ ጎን ዞሮ የሚቆም ነው እንበል። የፊት ጎማዎች አላይመንት ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ ሁለት ጎማዎችም ተቀይረዋል፤ ችግሩ ግን አልጠፋም። ከኋላ ሲታይ የተሽከርካሪው አካል በትንሹ በሰያፍ እንደሚሄድ ይስተዋላል። በኋለኛው አክስል ላይ የሚደረግ ቀላል የርዝመት ልኬት በአንደኛው ጎን ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አጋጥሞ የሚይዘው የመሐል ቡሎን ከመጠን በላይ በሆነ ጭነት ተቆርጦ አክስሉ ወደ ኋላ መንሸራተቱን ሊያሳይ ይችላል። የኋለኛው አክስል ሲያዘነብል ተሽከርካሪውን ወደ ጎን ስለሚገፋው አሽከርካሪው መንገዱን ለመጠበቅ መሪውን አዙሮ ለመያዝ ይገደዳል። በዚህ ሁኔታ የፊት ጎማዎችን ደጋግሞ ማስተካከል ፋይዳ የለውም፤ መፍትሔው አክስሉን ወደ ቦታው መልሶ ቡሎኑን መቀየር ነው።

የላሉና የተጣመሙ ክፍሎች ከተስተካከሉ በኋላ አላይመንት ይሠራል። ተሽከርካሪው ያለ ጭነት፣ የጎማው ንፋስ በአምራቹ ልክ ተሞልቶና በተስተካከለ ወለል ላይ ቆሞ ሊለካ ይገባል። ልኬቱ የፊቶቹን ብቻ ሳይሆን የአራቱንም ጎማዎች አቋም ቢያካትት ከላይ የተጠቀሰውን ዓይነት ችግር ያጋልጣል። በሃይሉክስ ላይ ካምበርና ካስተር በታችኛው ክንድ ቡሎኖች አማካኝነት ይስተካከላሉ። በላንድ ክሩዘር 70 አክስል ላይ ግን በመደበኛ አሠራር የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው። ስለሆነም በዚህ ተሽከርካሪ ላይ ካምበር ከልኩ ወጥቶ ከተገኘ የተጣመመ ወይም ያለቀ ክፍል መኖሩን የሚያመለክት እንጂ በማስተካከያ ቡሎን የሚታረም አይደለም።

ክፍያ የሚያጸድቁ ኃላፊዎች ሊጠይቁት የሚገባው ዋነኛ ሰነድ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ የተመዘገበውን ልክ ከአምራቹ መስፈርት ጋር ጎን ለጎን የሚያሳየው ወረቀት ነው። ዘመናዊ የአላይመንት መሣሪያዎች ይህን ወረቀት አትመው ያወጣሉ። "አላይመንት ተሠርቷል" የሚል ደረሰኝ ብቻ ሥራው መከናወኑን እንጂ ውጤቱን አያረጋግጥም። በሁለቱ ጊዜያት መካከል ልዩነት የማያሳይ ወረቀት ሲቀርብም ችግሩ ከመጀመሪያው የአላይመንት እንዳልነበረ መረዳት ይቻላል። የቴስቲና ቅያሪ ከተደረገ ግን የቶ ልክ ስለሚለወጥ አላይመንቱ በአንድ የሥራ ትእዛዝ ከቅያሪው ቀጥሎ ሊከናወን ይገባል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ተከትሎ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ትኩረት አግኝተዋል። እነዚህ ተሽከርካሪዎች በባትሪያቸው ምክንያት ተመጣጣኝ መጠን ካላቸው የነዳጅ ተሽከርካሪዎች ይልቅ ስለሚከብዱ በጎማና በመጋጠሚያዎች ላይ የሚያርፈው ጫና ከፍ ይላል። መሪያቸውም የሚታገዘው በዘይት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የመንሸራተት መከላከያ ባላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ አላይመንት ከተሠራ በኋላ፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት የመሪውን ማዕዘን የሚያነበው መሣሪያ እንደገና ወደ ዜሮ መመለስ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህ ሳይደረግ ቢቀር የማስጠንቀቂያ መብራት ሊበራና የመከላከያው ሥርዓት በተሳሳተ መረጃ ሊሠራ ይችላል።

በመጨረሻም ተሽከርካሪው በስምሪት ላይ መቆየት ወይም መቆም እንዳለበት የሚወስነው ኃላፊ ሁለት ዓይነት ችግሮችን መለየት ይኖርበታል። መጠነኛ ጉተታ፣ የባላንስ መንቀጥቀጥ ወይም ከመሐል ጥቂት የዞረ መሪ በአጭር ጊዜ ቀጠሮ ሊጠገን ይችላል። በሌላ በኩል ነጻ እንቅስቃሴው የበዛ መሪ፣ በዓይን የሚታይ ክፍተት ያለው ቴስቲና፣ ጉድጓድ በመታ ቁጥር የሚንዘፈዘፍ የፊት አክስል፣ የሚያንቋቋ ወይም በመሐል የሚይዝ መሪ፣ እንዲሁም ሽቦው የታየ ጎማ ተሽከርካሪው ጥገናው ሳይጠናቀቅ እንዳይንቀሳቀስ የሚያስገድዱ ናቸው። የተነጠለ ቴስቲና በሚያጋጥምበት ጊዜ አሽከርካሪው ምንም ያህል ልምድ ቢኖረው ጎማውን ሊቆጣጠረው አይችልም።

ዓመታዊው የተሽከርካሪ የቴክኒክ ምርመራ አስፈላጊ ቢሆንም በሁለት ምርመራዎች መካከል በርካታ ሺህ ኪሎ ሜትሮች በኮረኮንች መንገድ ሊነዱ ይችላሉ። በመሆኑም መሥሪያ ቤቶች ከእያንዳንዱ ረጅም የመስክ ጉዞ በፊትና በኋላ አጭር የመሪና የጎማ ፍተሻ እንዲደረግ፣ ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪም የጎማ አበላል፣ የተቀየረ ዕቃና የአላይመንት ልክ የሚመዘገብበት መዝገብ እንዲኖር ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። አሽከርካሪዎችም ችግሩን በወቅቱ ሲያመለክቱ ሥራ እንደማደናቀፍ ሊቆጠርባቸው አይገባም። የጥገና መጠየቂያው ላይ ፊርማቸውን የሚያኖሩ ኃላፊዎች "አላይመንት ይሠራ" ከማለታቸው በፊት "ምን ላልቶ ተገኘ?" ብለው ቢጠይቁ የመንግሥትን ንብረትም ሆነ የባልደረቦቻቸውን ሕይወት ከጥፋት መጠበቅ ይችላሉ።